የሕክምና ሙከራ ሳያልቅ ሲቆም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የሕክምና ሙከራ የታቀደለት የታካሚ ቁጥር ሳይሞላ መቼና በምን ስሌት ሊቆም ይችላል? በዚህ ጉዳይ የደረሱንን ጥያቄዎች አሳጥረን አቅርበናል። መልሶቹን የጻፍነው ስሌቱን ራሱ ሞክሮ ማየት ለሚፈልግ አንባቢ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ የደም ግፊት መድኃኒት ሙከራ ላይ እሠራለሁ። መረጃው በየሦስት ወሩ ሲገባ የሁለቱን ቡድኖች ፒ ዋጋ (መድኃኒቱ ባይሠራ ኖሮ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) አወጣለሁ። አማካሪዬ "አትንካው" ይሉኛል። ማየት ብቻውን መረጃውን አይለውጠውም፤ ከ0.05 በታች ከወረደስ ማቆም ምን ክፋት አለው? (የሕዝብ ጤና ተማሪ፣ ጅማ)

ማየቱ መረጃውን እንደማይለውጠው እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ባዩት ላይ ተመሥርተው ሲያቆሙ ነው። መድኃኒቱ ጭራሽ የማይሠራ ነው እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ፣ በ0.05 ቢመረምሩ በስህተት "ይሠራል" የማለት ዕድልዎ 5 በመቶ ነው። በእኩል ርቀት 2 ጊዜ ካዩ 8.3 በመቶ ይሆናል፤ 5 ጊዜ ካዩ 14.2፣ 10 ጊዜ ካዩ 19.3፣ 20 ጊዜ ካዩ ደግሞ 24.8 በመቶ ይደርሳል። አርሚቴጅ፣ ማክፈርሰንና ሮው ይህን ስሌት ያሳተሙት በ1969 ነው፤ ዛሬም አልተለወጠም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የዜድ ዋጋው (የቡድኖቹ ልዩነት ከአጋጣሚ መዋዠቅ አንጻር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚለካ ቁጥር፤ 1.96 ከፒ ዋጋ 0.05 ጋር እኩል ነው) ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። አንድ ወቅት 1.96ን ተሻግሮ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ወሰኑን ባለፈበት ቀን የሚያቆም ተመራማሪ ግን ከፍታውን ይይዝና መመለሱን ሳያይ ይቀራል። ያለ ገደብ ቢያዩ ደግሞ የማይረባ መድኃኒት እንኳ አንድ ቀን 1.96ን ማለፉ አይቀርም።

አማካሪዎ ልክ ናቸው። እስካሁን ያዩትን ግን አይደብቁ፤ ቀኑን፣ ማን እንዳየውና ምን እንደታየ ጽፈው ለሙከራው መረጃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴና ላጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያሳውቁ። ከዚህ በኋላ ቡድኖቹን ሳይለዩ፣ በድምሩ፣ የምዝገባውን ፍጥነት፣ የጎደሉ ቅጾችንና አጠቃላይ የክስተት (የሞት ወይም ሌላ የሚለካ ውጤት) መጠኑን መከታተል ይችላሉ። ይህ አልፋን (በስህተት "ይሠራል" የማለት ዕድሉን) አይነካም፤ አብዛኛውን የመረጃ ጥራት ችግርም በጊዜ ያሳያል።

ጥያቄ፦ 5 ትንተና አቅደናል፤ 4 በመሃል፣ 1 በመጨረሻ። ፖኮክ ይሻላል ወይስ ኦብራየንና ፍሌሚንግ? (የሙከራ አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ)

ሁለቱም በየትንተናው ለማቆም ዜድ ሊያልፈው የሚገባውን ወሰን የሚያስቀምጡ ዘዴዎች ናቸው። በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንይ። ሁሉም ለሁለት ወገን (መድኃኒቱ ቢሻልም ቢብስም) አልፋ 0.05 ናቸው።

በፖኮክ ዘዴ (1977) በአምስቱም ትንተናዎች ወሰኑ አንድ ነው፦ ዜድ 2.413፣ በፒ ዋጋ 0.0158። በኦብራየንና ፍሌሚንግ ዘዴ (1979) ወሰኑ ከላይ ይጀምርና ይወርዳል፦ 4.56፣ 3.23፣ 2.63፣ 2.28፣ 2.04። በፒ ዋጋ ሲነገር 0.000005፣ 0.0013፣ 0.0084፣ 0.0226፣ 0.0413 ማለት ነው። በእጅ ለማውጣት 5ን በትንተናው ተራ ቁጥር ያካፍሉ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ይውሰዱና በ2.04 ያባዙት።

የፖኮክ ጉዳት ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው የታካሚ ቁጥር ነው፦ ለ90 በመቶ ፓወር (በእርግጥ የሚሠራን መድኃኒት "ይሠራል" ብሎ የማግኘት ዕድል) አንድ ጊዜ ብቻ የሚተነተን ሙከራ 1,000 ሰው ቢፈልግ፣ ፖኮክ እስከ 1,207 ይጠይቃል፤ ኦብራየንና ፍሌሚንግ እስከ 1,026 ብቻ። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ይመጣል። ሙከራው እስከ መጨረሻ ሄዶ ፒ ዋጋው 0.03 ቢወጣ በፖኮክ ውጤቱ ወሰኑን አላለፈም። ይህን ለሐኪሞችና ለገንዘብ ሰጪዎች ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ሦስተኛ አማራጭ የሃይቢትልና ፒቶ ነው፤ በመሃል ያሉት ትንተናዎች ሁሉ ዜድ 3 እንዲያልፉ ይጠይቅና የመጨረሻውን ከ1.96 ብዙም ሳያርቅ ይተወዋል። ያለ ሶፍትዌር ለሚሠራ ቡድን ይመቻል።

ሞትን ወይም ከባድ ሕመምን ለሚለካ ሙከራ ምክራችን ኦብራየንና ፍሌሚንግ ነው። በ30 እና በ40 ታካሚ ላይ የታየ ትልቅ ልዩነት ብዙውን ጊዜ አይጸናም፤ ዘዴው ደግሞ በዚያ ደረጃ እጅን የሚይዘው ሆን ብሎ ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል በአሜሪካ የተካሄደው የቤታ ብሎከር የሃርት አታክ ሙከራ በደንብ ያሳያል። የልብ ጡንቻቸው በድንገት የተጎዳባቸው 3,837 ታካሚዎች በዕጣ ፕሮፕራኖሎል (ቤታ ብሎከሩ መድኃኒት) ወይም ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ተሰጣቸው፤ 7 ትንተና ታቅዶ ነበር። ከ1979 ጀምሮ የታየው ዜድ በተከታታይ 1.68፣ 2.24፣ 2.37፣ 2.30፣ 2.34 እና 2.82 ነበር። የሚያስፈልገው ወሰን ደግሞ 5.46፣ 3.86፣ 3.15፣ 2.73፣ 2.44 እና 2.23። ልብ ይበሉ፤ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ትንተና ዜድ በሙሉ ከ1.96 በላይ ነበር፤ ኮሚቴው ግን ወሰኑ ስላልታለፈ ቀጠለ። በስድስተኛው፣ በኦክቶበር 1981፣ 2.82 ከ2.23 በግልጽ በለጠ፤ ሙከራው ከታቀደው 9 ወር ቀድሞ ቆመ። ሞት በፕላሴቦ 9.8 በመቶ፣ በፕሮፕራኖሎል 7.2 በመቶ ነበር። ትዕግሥቱ ውጤቱን ማንም የማይጠራጠረው አደረገው።

ጥያቄ፦ ሙከራችን 300 ክስተት ሲሞላ ያልቃል። ኮሚቴው በግማሹ፣ በ150 ክስተት እንዲያይ ነበር ዕቅዱ። የስብሰባው ቀን ደርሶ የተመዘገበው 120 ብቻ ነው። ከታካሚዎቹ ግን ከግማሽ በላይ ገብተዋል። የ150ውን ወሰን መጠቀም እንችላለን? (የመረጃ አስተዳዳሪ፣ ሜሪላንድ)

አትችሉም። ክስተት በሚቆጥር ሙከራ የመረጃ ድርሻው (ከታቀደው ጠቅላላ መረጃ እስካሁን የተሰበሰበው ክፍል) የሚለካው በክስተት ነው፤ የታካሚ ብዛት አይቆጠርም። የእናንተ ድርሻ 120 ሲካፈል ለ300፣ ማለትም 0.4 ነው። ደግነቱ ጎርደን ላንና ዴቪድ ዴሜትስ በ1983 ያቀረቡት የአልፋ ወጪ ዘዴ የተሠራው ልክ ለዚህ ችግር ነው። 0.05ን እንደ ወር ደመወዝ ይዩት፦ አስቀድሞ የሚወሰነው በየትኛው የመረጃ ድርሻ ላይ በድምሩ ስንት እንደሚወጣ ነው፤ ገበያ የሚኬድበት ቀን ቢዛነፍ ችግር የለም።

ኦብራየንና ፍሌሚንግን በሚመስለው የወጪ ቀመር ስሌቱ እንዲህ ነው። 2.241ን ለመረጃ ድርሻው ስኩዌር ሩት ያካፍሉ። ከተገኘው ዋጋ በላይ ያለውን የኖርማል ከርቭ ጫፍ ያንብቡና በ4 ያባዙ። በ0.5 ላይ 2.241 ለ0.707 ሲካፈል 3.17 ይሆናል፤ ጫፉ 0.00076፣ በ4 ሲባዛ 0.0031። ለመጀመሪያ ትንተና ይህ በቀጥታ የፒ ዋጋ ወሰን ነው፤ ዜድ 2.96። በ0.4 ላይ 2.241 ለ0.632 ሲካፈል 3.54፤ ጫፉ 0.0002 ገደማ፣ በ4 ሲባዛ 0.0008፤ ዜድ 3.36። ስለዚህ ዜድ 3.1 ቢታይ በ150 ክስተት ያስቆም ነበር፤ በ120 ግን አያስቆምም። ቀመሩን በትክክል መያዝዎን ለማረጋገጥ ድርሻውን 1 አድርገው ይሞክሩት፤ 0.05 መምጣት አለበት።

ከሁለተኛው ትንተና ጀምሮ በእጅ መሥራት አይመከርም። በሁለት ትንተናዎች ዜድ መካከል ያለው ኮሪሌሽን የመረጃ ድርሻቸው ሬሾ ስኩዌር ሩት ስለሆነ ኢንተግራል ማስላት ያስፈልጋል። የአር ፕሮግራም ጥቅሎች፣ ጂኤስዲዛይን እና አርፓክት፣ ይህን በደቂቃ ይሠራሉ። የታቀደውን 0.5 ሳይሆን በትክክል የታየውን ድርሻ ያስገቡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ኮሚቴው የቡድኖቹን ውጤት አይቶ ወሰኑ አጠገብ መድረሱን ካወቀ በኋላ ተጨማሪ ትንተና ቢጠራ ዘዴው አይከላከልላችሁም፤ የጊዜ ለውጡ ከውጤቱ ጋር ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት። 120ው ለምን 120 እንደሆነም መርምሩ። ብዙ ጊዜ ክስተቱ ደርሶ ቅጹ ነው የዘገየው፣ ወይም ክስተቱን የሚያረጋግጠው የሐኪሞች ቡድን ገና አላየውም። መዘግየቱ በአንዱ ቡድን ላይ የሚበዛ ከሆነ ዜዱ ራሱ ተዛብቷል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት አንድ የመረጃ መቁረጫ ቀን ይወሰን፤ ከዚያ ቀን በፊት የደረሰ ክስተት ሁሉ ተረጋግጦ መግባቱ ይፈተሽ።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ተስፋ እንደሌለው ሲታይ ማቆም እንዴት ይሰላል? አንዱ ባለሙያ ዕድላችን 51 በመቶ ነው አለ፤ ሌላው በዚያው መረጃ 4 በመቶ አለ። ማንን እንመን? (ስሜ ይቆይ)

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱት። ሁኔታዊ ፓወር የሚባለው "እስካሁን ያየነው ይህ ከሆነ መጨረሻ ላይ 1.96ን የማለፍ ዕድላችን ስንት ነው?" የሚለው ስሌት ነው። ነገር ግን ከአሁን በኋላ የሚገቡት ታካሚዎች ምን ያሳያሉ ብለን እናስብ? ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ፓወሩ 90 በመቶ፣ የመረጃ ድርሻው 0.5፣ የታየው ዜድ 0.5 ይሁን። ዜዱን በ0.5 ስኩዌር ሩት ሲያባዙ 0.354 ይሆናል፤ እስካሁን የተጠራቀመው ይህ ነው። በዕቅዱ መሠረት ሙሉው ሙከራ የሚጠብቀው ዜድ 3.24 ነው፤ ቀሪው ግማሽ 1.62 ይጨምራል። ድምሩ 1.974፤ 1.96 ሲቀነስ 0.014። ይህን በ0.707 ያካፍሉና ኖርማል ሠንጠረዥ ላይ ያንብቡ፦ 51 በመቶ ገደማ። አሁን የታየው አዝማሚያ እንዳለ ይቀጥላል ካልን ግን ቀሪው ግማሽ የሚጨምረው 0.354 ብቻ ነው። ድምሩ 0.707፤ 1.96 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 1.253፤ በ0.707 ሲካፈል ከዜሮ በታች 1.77፤ ዕድሉ 4 በመቶ።

የመጀመሪያው ከመጠን በላይ ተስፈኛ ነው፤ መረጃው ራሱ እየተቃወመው የዕቅዱን ግምት ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ገና በጥቂት መረጃ ላይ ያለውን መዋዠቅ እንደ እውነት ይወስዳል። የእኛ አቋም፦ ፕሮቶኮሉ ላይ የትኛው ግምት እንደሚሠራና ገደቡ ስንት እንደሆነ (ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደረጋል) አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለኮሚቴው ግን ሁለቱም ይቅረቡለት። ይህ ወሰን አስገዳጅ እንዳይሆንም ይጻፍ። የጥቅም ወሰኑ "ኮሚቴው ተስፋ የለም ሲባል በእርግጥ ያቆማል" በሚል ግምት ላልቶ ከተሰላ፣ ኮሚቴው ግን ቢቀጥል አልፋው ከ0.05 ያልፋል።

በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው ኡሃምቦ የተባለው የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ በ2020 መጀመሪያ የቆመው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። 5,407 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ክትባቱን ከወሰዱት 129፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 123 ሰዎች ተይዘው ተገኙ። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር መቀጠል ሰዎችን ያለ ምክንያት መርፌ መውጋት ነው።

ጥያቄ፦ መረጃውን በመሃል ማየት የሚፈቀድለት ማን ነው? (ነርስ፣ ባሕር ዳር)

ከሙከራው ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው መረጃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ፣ እንዲሁም ሪፖርቱን የሚያዘጋጅለት ገለልተኛ ስታቲስቲሺያን። ዋና ተመራማሪው፣ ስፖንሰሩና በየጣቢያው ያሉት ሐኪሞች የሚያዩት ቡድኖቹ ያልተለዩበትን ሪፖርት ብቻ ነው። ወሬ ካመለጠ ሐኪሞች የትኛውን ታካሚ እንደሚያስገቡ መምረጥ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ምንም ዓይነት ወሰን ሙከራውን አያድነውም።

ጥያቄ፦ ብዙ መድኃኒቶች በአንድ ሙከራ ሲወዳደሩ ደካሞቹ በየደረጃው ይወጣሉ ይባላል። እንዴት ይሠራል? (የፋርማሲ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)

ሦስት መድኃኒቶች ከአንድ የማነጻጸሪያ ቡድን ጋር ይወዳደራሉ እንበል። እያንዳንዱን በ0.05 ከመረመሩ ቢያንስ አንዱን በስህተት የማጽደቅ ዕድሉ፣ ንጽጽሮቹ ነጻ ቢሆኑ፣ 14.3 በመቶ ነው፤ ማነጻጸሪያውን ስለሚጋሩ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ወሰኑ ለመድኃኒቶቹ ብዛትም ለትንተናዎቹ ብዛትም መስተካከል አለበት። የጋራው ቡድን በሁሉም ንጽጽር ውስጥ ስለሚገባ ከሌሎቹ ሰፋ ቢል ይጠቅማል፤ ለሦስት መድኃኒት 1.7 እጥፍ ገደማ።

በካንሰር ሙከራዎች የሚታወቀው ምሳሌ በ2005 በብሪታንያ የተጀመረው ስታምፒድ ነው፤ በፕሮስቴት ካንሰር ላይ። መጀመሪያ 5 የምርምር ቡድኖች ነበሩት። የመጨረሻ መለኪያው ዕድሜ ነው፤ ያን መጠበቅ ዓመታት ይፈጃል። በመሃል ግን በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ታየ። ለመቀጠል የሚያስፈልገው ሃዛርድ ሬሾ (በሽታው የመባባሱ ፍጥነት ከማነጻጸሪያው ቡድን አንጻር፤ ከ1 ሲያንስ መድኃኒቱ የተሻለ ነው) በየደረጃው ከ1.00፣ ከዚያ ከ0.92፣ ከዚያ ከ0.89 እንዲያንስ ተደረገ። ሴሌኮክሲብ ያለባቸው ሁለቱ ቡድኖች የሁለተኛውን ማለፍ አቅቷቸው በ2011 ምዝገባቸው ቆመ። የመሃል መለኪያው ደካማውን ለማስወጣት ብቻ ነው የሚያገለግለው። አንዱን "አሸነፈ" ለማለት ዕድሜው ራሱ መቆጠር አለበት።

ከኛ አህጉር ደግሞ ፓልም የተባለው የኢቦላ ሙከራ አለ፤ በምሥራቃዊ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በቤኒ፣ በቡቴምቦ፣ በካትዋና በማንጊና። ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ዚማፕ ማነጻጸሪያ ሆኖ ከሬምዴሲቪርና ከማብ 114 ጋር ተወዳደረ፤ ሬጅን ኢቢ 3 በኋላ ተጨመረ። 725 ታካሚ ታቅዶ 681 ገብተው ነበር፤ ኦገስት 9 ቀን 2019 ኮሚቴው የ499ኙን መረጃ አይቶ አንዱ ወሰኑን ስላለፈ ለሁለቱ ደካሞች መመደብ እንዲቆም መከረ። በመጨረሻው ትንተና በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት፦ ዚማፕ ከ169 ታካሚ 84፣ ሬምዴሲቪር ከ175 93፣ ማብ 114 ከ174 61፣ ሬጅን ኢቢ 3 ከ155 52።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ዘግይቶ የገባው መድኃኒት የተነጻጸረው ከ169ኙ ጋር ሳይሆን፣ እሱ ከገባ በኋላ ለዚማፕ ከተመደቡት 154 ጋር ነው። ወረርሽኝ ከወር ወር ይለዋወጣል፤ ታካሚዎች ቶሎ ወይም ዘግይተው ይመጣሉ፣ እንክብካቤውም ይሻሻላል። መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት የነበሩትን ታካሚዎች ደባልቆ ማነጻጸር ዕጣው የሰጠንን ፍትሐዊነት መልሶ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ እኛ የምንሠራው በ40 እና በ50 ታካሚ ነው። ለትንሽ ሙከራ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል? (ሐኪም፣ ጎንደር)

ትንሽ ሙከራ የራሱ ቀለል ያለ ዘዴ አለው። ሲመን በ1989 ያወጣውን ባለ ሁለት ደረጃ ዕቅድ ይውሰዱ። 20 በመቶ ብቻ የሚያድን መድኃኒት አይረባንም፣ 40 በመቶ ቢያድን ግን እንቀጥላለን እንበል፤ አልፋ 0.05፣ ፓወር 80 በመቶ። መጀመሪያ 13 ታካሚ ይግባ። የዳኑት 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ያቁሙ። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ እስከ 43 ይቀጥሉ፤ መጨረሻ ላይ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከዳኑ መድኃኒቱ ያልፋል። የማይረባ መድኃኒት በመጀመሪያው ደረጃ የመቆም ዕድሉ 75 በመቶ ነው፤ በአማካይ የሚፈጀውም 20.6 ታካሚ ብቻ።

የሚበላሸው 13ኛው ታካሚ ገብቶ ውጤቱ ሲጠበቅ ነው። መለኪያው ከ6 ወር በኋላ የሚታይ ከሆነ ምዝገባ ይቁም ወይስ ይቀጥል? ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ 14ኛው፣ 15ኛውና 20ኛው ይገቡና ወሰኑ ትርጉም ያጣል።

ለእርስዎ አካባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሱዳን ካሳብ በካላዛር ታካሚዎች ላይ የተካሄደው የአምቢዞም ሙከራ በየደረጃው እየተተነተነ ነበር የሚሄደው። በሕንድ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ወደ 96 በመቶ አድኗል፤ ጥያቄው እዚህም ይሠራል ወይ የሚል ነበር። በ6 ወር የዳኑት በነጠላ 7.5 ሚሊ ግራም ከ20 ታካሚ 40 በመቶ፣ በነጠላ 10 ሚሊ ግራም ከ40 ታካሚ 58 በመቶ፣ 3 ሚሊ ግራም 7 ጊዜ ከተሰጣቸው 63 ደግሞ 85 በመቶ ነበሩ። ከሦስተኛው የመሃል ትንተና በኋላ ሙከራው ቆመ። በደረጃ ባይሠራ ኖሮ ስንት ታካሚ በማይበቃው መጠን ይታከም እንደነበር ያስቡት።

ጥያቄ፦ ወሰኑን አልፈን አቆምን። ሪፖርቱ ላይ ምን እንጻፍ? (ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ)

የታየው የጥቅም መጠን ከእውነተኛው ሊበልጥ እንደሚችል ይዘው ይጀምሩ፤ ሙከራው የቆመው ቁጥሩ ከፍ ባለበት ቀን ነው። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ለጥቅም ቀድመው የቆሙ 91 ሙከራዎችን በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ካልቆሙ 424 ጋር አነጻጽሮ የአንጻራዊ አደጋ ሬሾዎቻቸው ሬሾ 0.71 ሆኖ አገኘው፤ ማለትም የቆሙት ጥቅሙን አጋንነው ያሳያሉ። ማጋነኑ የባሰው ከ500 ክስተት በታች በነበራቸው ላይ ነው።

ስለዚህ ተራውን ግምትና ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለውን ክልል) ብቻ አያትሙ፤ የትንተናዎቹን ቅደም ተከተል ያገናዘበውን የተስተካከለ ግምት ከጎኑ ያስቀምጡ። ከላይ የጠቀስናቸው ጥቅሎች ያወጡታል። የታቀዱት ትንተናዎች ስንት እንደነበሩ፣ የትኛው ወሰን እንደተመረጠ፣ በቆመበት ቀን የመረጃ ድርሻው ስንት እንደነበረና ኮሚቴው ከወሰኑ ውጭ ምን እንዳየ ይጻፉ። ውሳኔው ሲተላለፍ መድኃኒቱን እየወሰዱ የነበሩ፣ ውጤታቸው ግን ያልደረሰ ታካሚዎችም አሉ። እነሱን እስከ መለኪያው ቀን ተከታትለው ያስገቧቸው፤ በፓልም ውሳኔው በ499 ተሰጥቶ የታተመው የ673 ውጤት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ሲጨመሩ ዜዱ ከወሰኑ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ዝቅ ካለም ሁለቱንም ቁጥር፣ የውሳኔውን ቀንና የመጨረሻውን፣ ጎን ለጎን ያትሙ።